ከክምሩ ሥር የገባው ፋይል

ሰውየው ችሎት አስከባሪ ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ጠዋት ፋይሎቹን ከመዝገብ ቤት ተሸክሞ ያመጣል፣ ዳኛ ሲገቡ «ተነሱ!» ይላል፣ ሲቀመጡ «ተቀመጡ!» ይላል፣ ስልኩ የጮኸበትን ሰው በዓይኑ ይገላምጣል፣ ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ የባለጉዳይ ስም ይጠራል። ይህንኑ ሲያደርግ ፀጉሩ ሸበተ። ድምፁ ግን እንዳለ ነው። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ እስካለው መጸዳጃ ቤት ድረስ ስለሚሰማ ጥሩምባው ብለው ስም አወጡለት። ስሙ ሲጠራ ሱሪውን በወጉ ሳይታጠቅ እየሮጠ የመጣ ባለጉዳይ ነበር ይባላል። እሱ ራሱ ሲያወራው ግን ባለጉዳዮቹ ሦስት ይሆናሉ።

ፍርድ ቤቱ ሁለት ችሎት ብቻ ያለው፣ ደረጃው የተሸራረፈ፣ ቀለሙ ግድግዳውን ያኮረፈ ይመስል እየተላጠ የሚረግፍ ሕንጻ ነው። ኮሪደሩ ላይ ያሉት አግዳሚ ወንበሮች በተቀማጭ ብዛት ለስልሰው ያብረቀርቃሉ። በቀኝ በኩል ባለው በር የምታስችለው ዳኛ ክረምት ከበጋ ከካባዋ ሥር ግራጫ ሹራብ ስለማይለያት ባለሹራቧ ትባላለች። የግራው በር ዳኛ ደግሞ ብረቱ ይባላል፤ ለምን እንደተባለ ማስረዳት አያስፈልግም። ጥሩምባው የቀኙ በር አስከባሪ ነው። የግራው በር አስከባሪ ባልደረባው ነው፣ ሬዲዮ የሚሉት፤ ይህ ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ይከፈታል፣ ሲተኛ ይዘጋል፣ መሀል ላይ ማስታወቂያ እንኳ የለውም።

አንድ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች አንዲት ብስክሌት ሰረቁ። አንደኛው መሪዋን ይዞ፣ ሁለተኛው ከኋላ እየገፋ። ፋይላቸው በመዝገብ ቤቱ ዝርክርክነት ለሁለት ተከፈለና አንዱ በቀኝ በር፣ አንዱ በግራ በር ገባ። መሪዋን የያዘው በባለሹራቧ ፊት ተመክሮና ተገሥጾ ቅጣቱ ተገደበለት፤ ዳግመኛ ካላጠፋ እስር ቤት አይገባም ተባለና ከእናቱ ጋር ወደ ቤቱ ሄደ። የገፋት በብረቱ ፊት ሁለት ዓመት ተከናንቦ ወጣ። እናትየው ትሳቅ ወይ ታልቅስ ግራ ገብቷት ኮሪደሩ መሀል ቆማ ቀረች። በመጨረሻ ወደ ጥሩምባው ዞራ፣ «የኔ አባት፣ ብስክሌቷ እኮ አንዲት ናት!» አለችው። ያቺ ሴት ዓመታት ካለፉም በኋላ ከጆሮው አልወጣችም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ምሳውን ሲበላ ሳይቀር ትዝ ትለዋለች።

እንግዲህ ቅጣት የሚባለው ነገር እንዲህ ነበር። በየትኛው በር እንደገባህ፣ ዳኛው በምን ጎኑ እንደተነሳ፣ ከአንተ በፊት የገባው ሰው ምን ያህል እንዳበሳጨው ይወስነዋል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ሁሉም ስለ ፋይል ክምሩ ይለማመጣል። ዳኛዋ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ክምር የሚደረድረው አስከባሪው ነው። ከላይ ያለው ቶሎ ይታያል፣ ከሥር ያለው ሰዓት ካልበቃ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ጠበቆች ፋይላቸው ከላይ እንዲሆን እየሳቁ ይለምኑታል፤ የፈራ ደግሞ ከሥር አድርግልኝ ይላል። ጥሩምባው እጁ ንጹሕ ነው፣ ከሰው ምንም አይቀበልም። ነገር ግን ሕፃን ያዘለች እናት ስትመጣ ፋይሏ ሳይታወቅ ከሥር ወደ ላይ ይወጣል። እስረኞቹን ያመጣው መኪና ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነም የእነሱ ይቀድማል። በዚህ ማንም አይከስሰውም፤ ክምር እንደ ነፋስ ነው፣ ማን እንዳነሳው አይታወቅም።

የቅጣት ሕጉ ሊሻሻል ነው የሚባል ወሬ ሲመጣ ጥሩምባው ከሁሉ ቀድሞ ደጋፊ ሆነ። ሬዲዮ፣ «ምን አገባህ አንተ፣ ቢሻሻልም ባይሻሻልም የምትለው ያው ተነሱ ተቀመጡ ነው» ብሎ ሲቀልድበት እንኳ አልሳቀም። ሕጉ ሊጸና ጥቂት ሲቀረው ዳኞቹን፣ ዐቃብያነ ሕጉንና ጠበቆቹን የሚያሠለጥን ባለሙያ ከበላይ መሥሪያ ቤት መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ላፕቶፑ ስስ፣ ሳቁ ልክ ያለው ሰው ነው። የድሮውን ጥራዝ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረገው። «ይሄ የድሮው ነው» አለ። ቀጥሎ ስስ መጽሐፍ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለና፣ «ይሄ ደግሞ አዲሱ ነው» ሲል አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ባለሙያው እንዳስረዳው በድሮው ሕግ ቅጣት ማቅለያ ሞልቶ የተረፈ ነው፤ ድህነቱ፣ ሕመሙ፣ የቤተሰቡ ሁኔታ፣ ለደግ ብሎ ማድረጉ፣ በዚህ ላይ «ሌላም ተመሳሳይ ምክንያት» የሚል አለበት። ዳኛ እንደ ልቡ የሚሆነው በዚህ ነው። አዲሱ ሦስት ብቻ አስቀርቷል፤ ጥፋቱ የመጀመሪያ መሆኑን፣ ማመኑን፣ ጉዳቱን መካሱን። የቀረው ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ጥፋት ጣሪያና ወለል አለው፤ ዳኛው ከጣሪያው በላይ አይወጣም፣ ከወለሉ በታች አይወርድም። «ከእንግዲህ በየትኛው በር ገባህ የሚባል ነገር የለም» አለ ባለሙያው። የውኃ ጠርሙስ ሲያድል የነበረው ጥሩምባው ጠርሙሱን በብብቱ ይዞ አጨበጨበ። ብስክሌቷ እኮ አንዲት ናት።

ባለሹራቧ ብቻ እጇን አነሳች። «ከሦስቱ ምክንያት ውጭ የሆነ ሰው ቢመጣብኝስ?»

«ክብርት፣ ሕግ ለሁሉ ነው የሚጻፈው፣ ለአንድ ሰው አይደለም» አላት ባለሙያው፤ ይህም ተጨበጨበለት።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጥሩምባው ልጅ ጥፋተኛ ተብሎ የቅጣት ውሳኔውን በዋስ ሆኖ እየጠበቀ ነበር።

ልጁ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ እጁ ወርቅ የሚባል። የሰፈራቸው ትራንስፎርመር ተቃጥሎ መንደሩ በሻማ ከረመ። የመብራት መሥሪያ ቤቱ ዛሬ ነገ ሲል ጎረቤቱ ሁሉ ጭንቅ ያዘው፤ ልብስ ሰፊዋ ማሽኗ ቆመ፣ የአንዱ ሽማግሌ የመተንፈሻ መሣሪያ ያለ መብራት አይሠራም። ልጁ አላስቻለውምና ከሚቀጥለው መንደር ምሰሶ መስመር ጠልፎ አበራላቸው። ከማንም ምንም አልተቀበለም። ጥቂት ቀን እልል ተባለ። ከዚያ መስመሩ ጫናውን አልችል ብሎ የሰፈሩን ውኃ የሚገፋው ፓምፕ ተቃጠለ። ሽቦውን ማን እንደዘረጋ ሲጠየቅ ልጁ፣ «እኔ ነኝ» አለ፤ አንዲት ቃል አልደበቀም። ጎረቤቱ ተረባርቦ ፓምፑን አስጠገነ። ግን የሕዝብ መገልገያ ማበላሸት የሚባል አንቀጽ አለና ተከሰሰ።

አባት በልጁ ችሎት ማስከበር ስለማይችል በልጁ ቀጠሮ ቀን ጥሩምባውና ሬዲዮ በር ይለዋወጣሉ። ክሱ የተከፈተ ዕለት ባለሹራቧ ጠርታው፣ «ጋሼ፣ ስለ ልጅዎ አንዲት ቃል እንዳያነሱብኝ። ካነሱ ፋይሉን ለግራው በር አስተላልፋለሁ» ብላዋለች። ቀጥ ያለች ሴት ናት፣ ያደርጋታል። በየቀኑ ሻይዋን ሲያቀብላት፣ ካባዋን ሲያነሳላት፣ ጥያቄው ምላሱ ጫፍ ላይ ይመጣና ይውጠዋል።

ቅጣቱ በድሮው ሕግ ከመቀጫ ገንዘብ ጀምሮ እስከ አሥር ዓመት ይደርሳል። ዐቃቤ ሕጉ ዘጠኝ ጠየቀ። ተከላካይ ጠበቃው፣ ፋይል ከመብዛቱ የተነሳ የደንበኛውን ስም ከሌላ ሰው ጋር የሚያምታታ ደግ ሰው፣ ገደብ ጠየቀ። ውሳኔው ለሐሙስ ተቀጠረ። አዲሱ ሕግ የሚጸናው ሰኞ ነው፤ ከሰኞ በኋላ የሚወሰን ሁሉ በአዲሱ እንደሚሄድ ጥሩምባው አልተጠራጠረም።

ጥሩምባው ስሷን መጽሐፍ ከመዝገብ ቤት ተውሶ አንቀጹን ፈለገ። ወለሉ ሦስት ዓመት፣ ጣሪያው አምስት። ገደብ የለውም።

እዚህ ላይ ነው ሰውየው መንታ መንገድ ላይ የቆመው። በድሮው ሕግ ልጁ በነጻ ሊባል በሚችል ቅጣት ቤቱ ሊገባ ይችላል፤ ዘጠኝ ዓመትም ሊቆለፍበት ይችላል። በአዲሱ ቤቱ አይገባም፤ ዘጠኝም አይባልም። የባለሹራቧን ደግነት ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ነገር ግን በቅርቡ ተቆጣጣሪዎች መጥተው «ቅጣትሽ ልል ነው» ብለዋታል፤ በሳምንቱ አንዱን ባለ መድኃኒት ቤት ስምንት ዓመት ስትለው ጥሩምባው በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ሰውየው የተበላሸ መድኃኒት ለሕፃናት የሸጠ ጨካኝ መሆኑን ጨርሶ ዘነጋው። የፈራ አባት የሚሰማው ቁጥሩን ብቻ ነው። ስምንት ያለች ሴት ዘጠኝ ለማለት ምን ያግዳታል?

ረቡዕ ጠዋት ሚስቱ ሻይ ስታቀርብለት አየችው። «አንተ ሰውዬ፣ ብርጭቆውን በማንኪያ ልትበሳው ነው እኮ» አለች።

«እያማሰልኩ ነዋ።»

«ስኳር የት አለበትና ነው የምታማስለው?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ምራቱ ሆዷ ገፍቶ፣ ባሏን ተደግፋ ከጓዳ ወጣች። ልጁ የአባቱን ፊት አይቶ፣ «አባዬ፣ አይዞህ፤ ዳኛዋ ጥሩ ሰው ናት አላልክም?» አለው። ጥሩምባው፣ «ናት እንጂ» አለና ጫማውን ለማሰር ጎንበስ አለ። ጫማው ታስሯል። እንደገና ፈትቶ አሰረው።

ማንንም አላማከረም። ለሚስቱ ቢነግራት ታለቅሳለች፣ ለልጁ ቢነግረው ተስፋ ያደርጋል፤ ተስፋን ደግሞ በዚያ ኮሪደር ላይ ብዙ ጊዜ ሲረገጥ አይቶታል። እርግጥ የሆነ ክፉ ነገር እርግጥ ካልሆነ ደግ ነገር ይሻላል ብሎ ወሰነ። ከዚህ በኋላ ያለው ለእሱ የጣት ሥራ ነው።

ሐሙስ ጠዋት መዝገብ ቤት ውስጥ የሁለቱም ችሎት ፋይል በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። ሬዲዮ ከዘበኛው ጋር ወሬ ጀምሯል። የልጁ ፋይል የቀኙ ክምር ላይ ከአናት ሁለተኛ ነበር። ጥሩምባው መዝዞ አወጣው፤ ቀጭን ነው፣ ያመነ ሰው ፋይል ምን ይወፍራል። ከክምሩ ሥር ከተተው። በዚህም አላበቃም፤ አምስት ተከሳሾች ከየጠበቆቻቸው ጋር ያሉበትን የሰነድ ማጭበርበር ፋይል አናት ላይ አወጣ። ይህ ጉዳይ ከተጀመረ ምሳ ሰዓት ድረስ እንደሚጎተት ያውቃል፤ ጠበቆቹ እርስ በርስ «ባልደረባዬ እንዳሉት» እየተባባሉ ያንኑ ነገር ይደጋግማሉ። ባለሹራቧ ደግሞ ከሰዓት በኋላ አታመሽም፤ ቤቷ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ እናት አሏት።

ቀኑን ሙሉ የግራው በር ላይ ቆሞ ዋለ። በግድግዳው በኩል ሬዲዮ የሌላ ሰው ስም ሲጠራ በሰማ ቁጥር ደረቱ ትንሽ ቀለል ይለዋል። ልጁ፣ ምራቱና ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ምራቱ እግሯ አብጦ ጫማዋን አወለቀች። በመጨረሻ ሬዲዮ ወጣና፣ «ሰዓት አልበቃም፤ ለማክሰኞ ተቀጥሯል» አላቸው።

ሚስቱ፣ «ደግሞ ቀጠሮ! ሰው እንዴት ወንበር ላይ ያረጃል!» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«ዝም በይ አንቺ፣ ደግ ነው የሆነው» አላት ጥሩምባው በሹክሹክታ።

ሬዲዮ ጎኑን ነካ አደረገው። «ያቺ ፋይል ጠዋት ከላይ ነበረች። እግር አበቀለች እንዴ ወንድሜ?» ብሎ ጠቀሰው። ጥሩምባው የምራቱን ጫማ ከወለሉ አንስቶ አቀበላት።

ማክሰኞ ብረቱ ሥራውን በጊዜ ስለጨረሰ ጥሩምባው በቀኙ ችሎት የኋላ ወንበር ላይ ከሚስቱና ከምራቱ ጋር ተቀመጠ። በሕይወቱ በዚያ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ተከላካይ ጠበቃው ለአንዴ ስም ሳይሳሳት ተነስቶ ጥሩ ተከራከረ፤ ጥፋቱ የተፈጸመው በድሮው ሕግ ጊዜ ነው፣ ከሁለቱ ቀላሉ ሕግ ይፈጸምለት አለ። ባለሹራቧ ስሷን መጽሐፍ ገለጠች። ያን ዕለት ጠዋት የደረሳት መመሪያ «ቀላል» የሚለውን የሚለካው በጣሪያው ነው፤ አምስት ከአሥር ስለሚያንስ ቀላሉ አዲሱ ነው፤ ስለዚህ በአዲሱ ይፈረዳል። ሕጉ ከላይ ቆርጦ ከታች ዘግቷል። ሦስቱ ማቅለያ ሁሉም ለልጁ ተያዘለት፤ ሁሉም ተደምሮ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ወለሉ ሦስት ዓመት ነው። ፍርዱ ተነብቦ ሲያልቅ የፈጀው ጊዜ አንድ ብርጭቆ ሻይ አያስጨርስም ነበር።

ምራቱ ወደ ጥሩምባው ዞረች። «አባባ፣ ሦስት ወር ነው ያለችው አይደል?»

«ዓመት ነው፣ ልጄ።»

ፖሊሱ ልጁን በክንዱ ያዘው። ጥሩምባው ሮጦ ደረሰና ትከሻውን ጨበጠው። «አመስግን» አለው፤ «ዘጠኝ ነበር የተጠየቀብህ። አዲሱ ሕግ ባይደርስልህ ዘጠኝ ነበር። ገባህ?» ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ለሚስቱም፣ ለምራቱም፣ በደረጃው ላይ ላገኛቸው ጎረቤቶችም ይህንኑ ነገራቸው። ያን ቀን እስኪመሽ ይህ ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ኩራት ሳይሰማው አልቀረም። ከዘጠኝ ዓመት ልጁን ያዳነው እሱ ነው።

ሥራ መውጫ ላይ ፋይሎቹን ሊሰበስብ የዳኛዋን ቢሮ ከፈተ። ባለሹራቧ ካባዋን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። ወደ እናቷ መሄድ ነበረባት፤ አልሄደችም።

«በሩን ይዝጉትና ይቀመጡ ጋሼ» አለችው።

«ቆሜ ይሻለኛል፣ ክብርት።»

«ፋይሉ ስለተዘጋ አሁን ልናገር እችላለሁ።» ዓይኗን ከጠረጴዛው አላነሳችም። «ሐሙስ ዕለት ልጅዎን ወደ ቤቱ ልልከው ነበር። ገደብ ጽፌለት ነበር፣ ተጨርሶ፣ ፊርማዬ ብቻ ነበር የቀረው። እንዲህ ያለ ልጅ አይታሰርም። ስንት ቀማኛ አይቻለሁ፤ ለጎረቤቱ መብራት ያበራ ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ተቆጣጣሪዎቹ የፈለጉትን ይበሉ ብዬ ነበር።»

ጥሩምባው የወንበሩን መደገፊያ ያዘ።

«እናቴን የምትጠብቃት ልጅ በሰዓቱ ካልደረስኩ ጥላት ትሄዳለች። ሰዓቴን አየሁ፤ እነዚያ አምስት ጠበቆች ጊዜውን በልተውታል። ፋይሉ ደግሞ ከሥር ነበር። ቀጠሮ ልስጥ ስል፣ ዐቃቤ ሕጉም ጠበቃውም ዓርብና ሰኞ አይመቸንም አሉ፣ ማክሰኞ አልኩ። ሰኞ ሕጉ እንደሚለወጥ እያወቅኩ። የድሮው ለእሱ እንደሚፈጸም አምኜ ነበር፤ ያ መመሪያ የደረሰኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ግማሽ ሰዓት ብታገሥ ኖሮ፣ ጋሼ። ግማሽ ሰዓት። ልጅዎን የበደልኩት እኔ ነኝ።»

ለመናገር አፉን ከፈተ። እውነት ነው፣ ከፈተው። ግን ምን ብሎ? ፋይሉን ከሥር የከተትኩት እኔ ነኝ ቢል ፍርዱ አይለወጥም፤ ሰንጠረዡ ላይ «አባቱ ያጠፋው» የሚል ቦታ የለም። እሱ ከሥራ ይባረራል፣ የሚወለደውን ሕፃን የሚያሳድግ አንድም ደመወዝ በቤቱ አይኖርም። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበ፤ ፈሪ ሰው በፍጥነት ያስባል።

«አዎ፣ ከሥር ነበር» አለ።

ፋይሎቹን አቅፎ ወጣ። መዝገብ ቤት ሲደርስ ክምሩን እንደታቀፈ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ሬዲዮ ሊቀልድ መጣና ፊቱን አየ። «ምን አለችህ?» አለው። ጥሩምባው ነገረው። ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋ። ክምሩን ከእጁ ተቀብሎ ቦታው ላይ አስቀመጠና መብራቱን አጥፍቶ ይዞት ወጣ።

ይግባኝ ተባለ። በይግባኝ ያለው ሰንጠረዥም ያው ነው፤ በላይኛው ፍርድ ቤት ያለ ወለል ከታችኛው ወለል አይወርድም። «አያስቀርብም» ተብሎ ተመለሰ። ጠበቃው አዝኖ፣ «ሕጉ እንደገና ሲሻሻል ምናልባት» አለ። መቼ እንደሚሻሻል ሲጠየቅ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ በመሳቁ አፈረ።

አሁን ችሎቱ በፍጥነት ይሄዳል። ክምሩ ከምሳ በፊት ያልቃል። ከሥር አድርግልኝ፣ ከላይ አድርግልኝ የሚል የለም፤ የትም ቢሆን መልሱ አንድ ነው። ብረቱና ባለሹራቧ አንድ ዓይነት ዳኛ ሆነዋል። የድሮው ቅጥ ያጣ ነበር፣ ጥሩምባው ይህን አይክድም፤ ያቺን የብስክሌት ሴት ዛሬ ቢያገኛት ሁለቱም ልጆችሽ እኩል ይታሰራሉ ሊላት ይችላል።

ልጅ ተወለደች። አባቷን ለማሳየት ምራቱ አንገቷ ገና ያልጠናውን ሕፃን አቅፋ ከጥሩምባው ጋር እስር ቤት ሄደች። የጠያቂዎቹ ክፍል ረጅም ነው፣ መሀሉ ላይ ሁለት እጥፍ ሽቦ አጥር አለው፤ ከወዲያና ከወዲህ ሰው ሁሉ ስለሚጮኽ ማንም የማንንም አይሰማም። ልጁ ከስቷል። ጣቱን በሽቦው ቀዳዳ አስገብቶ ወደ ሕፃኗ ዘረጋ፤ ሁለተኛው ሽቦ ጋ ሲደርስ አጠረው። ምራቱ ሕፃኗን ወደ ሽቦው አስጠጋች። አልደረሰም።

ልጁ ሳቀ። ያለቅሳል ብለው ሲጠብቁ ሳቀ። «አባዬ፣ አትዘን እሺ?» ብሎ ጮኸ። «እዚህ ዕድለኛ ነህ ነው የሚሉኝ! እኔን በመሰለ ነገር በድሮው ሕግ ሰባት ዓመት የተባለ አለ፣ አጠገቤ ነው የሚተኛው። አንተ ያልከውን ነገርኳቸው፤ ዘጠኝ ነበር፣ ቀጠሮው ስለተሻገረ ተረፍኩ አልኳቸው። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እሱን ነው የማስበው። ሦስት ዓመት ምን አላት!»

«ምንም የላትም» አለ ጥሩምባው።

«ዳኛዋን ታገኛታለህ አይደል በየቀኑ? አመስግንልኝ። ያን ቀን ቀጠሮ ባትሰጥ ኖሮ እኮ አለቀልኝ ነበር። ንገራት፣ እንዳትረሳ!»

ፖሊሱ ሰዓት ማለቁን ለማሳወቅ ሽቦውን በዱላ መታ። ልጁ ወደ ኋላ እየሄደ፣ «እንዳትረሳ!» አለ ደግሞ።

በማግሥቱ ጠዋት ጥሩምባው የባለሹራቧን ጠረጴዛ ጠረገ፣ ፋይሎቹን ደረደረ፣ ሻይዋን አስቀመጠ። ላይናገር ወስኖ ነበር የመጣው። እሷ ግን ካባዋን እየለበሰች፣ «ሕፃኗን ይዛችሁ ሄዳችሁ አሉ» አለች፤ ሬዲዮ መልሶ ተከፍቶ መሆን አለበት። «ልጁ እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው፣ ክብርት።» ጨርቁን በእጁ ጨመቀው። «ያመሰግንዎታል።»

«እኔን?»

«እርስዎን። ቀጠሮ ስለሰጡት።»

ባለሹራቧ የካባውን አንዱን እጅጌ ለብሳ ሌላኛውን ሳትለብስ ቆማ ቀረች። ሊያጽናናኝ ብሎ ይሆናል ብላ ፊቱን ፈልጋ ተመለከተችው።

«ከልቡ ነው?» አለችው።

«ከልቡ ነው» አላት። ውሸት ቢሆን ይሻለው ነበር።